የተመሰጠሩ የመስክ መዝገቦች ጥቅል አነባበብና አጻጻፍ፦ ከዳባትና ከደባርቅ ምርምሮች አንጻር

በሰሜን ጎንደር ዞን በዳባት ወረዳ የሚካሄደው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተ ነው። መጀመሪያ በጎንደር የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ኮሌጁ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ካደገ በኋላም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የቆየው ይህ ሥራ፣ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚኖሩ ቤተሰቦችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ይመዘግባል። ሰው ሲሞትም የሞቱ ምክንያት ከቤተሰቡ በሚወሰድ ቃለ መጠይቅ ይጣራል። የእንዲህ ያለ መዝገብ ዋጋ ያለው በርዝመቱ ነው። ዛሬ የተጻፈው መስመር ከሃያ ዓመት በፊት ከተጻፈው፣ ከሃያ ዓመት በኋላም ከሚጻፈው ጋር ካልተያያዘ ተራ ቆጠራ ከመሆን አያልፍም።

በዚያው በ1996፣ በነሐሴ ወር፣ ፒጂፒ የተባለው የምስጠራ ፕሮግራም መልእክቶቹን በምን ዓይነት የባይት አደራደር እንደሚጽፍ የሚገልጽ አርኤፍሲ 1991 የተባለ ሰነድ ታትሞ ወጣ። ሰነዱን በ1998 አርኤፍሲ 2440፣ በ2007 አርኤፍሲ 4880፣ በ2024 ደግሞ አርኤፍሲ 9580 ተከትለውታል፤ ደረጃውም ኦፕን ፒጂፒ ተብሎ ይታወቃል። የዳባት ክትትልና ይህ ደረጃ በልደት ዓመት ከመገጣጠማቸው በቀር የሚያገናኛቸው ነገር ያለ አይመስልም። ሆኖም የመስክ መዝገብ ከወረቀት ወደ ታብሌት በተሸጋገረበትና የተሰበሰበውን መረጃ መመስጠር ግዴታ እየሆነ በመጣበት በዚህ ጊዜ፣ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ይጋራሉ። ጥያቄውም ተዘግቶ የተቀመጠውን መዝገብ ከብዙ ዓመታት በኋላ ማን፣ በምን ሕግ፣ ያለ ስሕተት ያነበዋል የሚል ነው።

በድኅረ ምረቃ ጥናቶች ዘንድ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «መረጃው ተመስጥሮ ተቀምጧል» የሚል። ይህ ዐረፍተ ነገር አይበቃም። በተግባር የታዩት ታላላቅ ውድቀቶች በአብዛኛው የመጡት ከምስጠራው ስሌት ሳይሆን የተመሰጠረውን ጥቅል ከሚጽፈውና ከሚያነበው ኮድ ነው። ስለዚህ የጥቅሉ አጻጻፍና አነባበብ የመረጃ አሰባሰብ ዘዴው አካል ተደርጎ ሊታይ፣ በጥናቱ ውስጥ ሊገለጽና ሊፈተን ይገባዋል።

ጥቅሉ ምን ይዟል

የመስክ መረጃ ምስጠራ በአብዛኛው የሚከናወነው በሁለት ደረጃ ነው። ታብሌቱ ለአንድ ቅጽ ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ ያመነጫል፤ የቅጹን ይዘት በዚያ ቁልፍ ይመሰጥራል፤ ቁልፉን ራሱን ደግሞ በምርምር ማዕከሉ ይፋዊ ቁልፍ ይቆልፈዋል። ሊከፍተው የሚችለው የግል ቁልፉን የያዘው ማዕከል ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የጤና ጥናቶች በስፋት የሚሠራበት ኦዲኬ በ256 ቢት የኤኢኤስ ቁልፍና በአርኤስኤ ይህንኑ ያደርጋል፤ ኦፕን ፒጂፒም መርሁ ተመሳሳይ ነው። ጥቅሙም ግልጽ ነው፤ መረጃ ሰብሳቢው የዘጋውን ቅጽ ታብሌቱ ቢሰረቅ እንኳ ሌላ ሰው ሊያነበው አይችልም። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ዳባት ወረዳ፣ ጭና ድረስ በደረሰበት አገር፣ የጠፋ ታብሌት በማን እጅ ይገባል የሚለው ጥያቄ የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ አይደለም።

የዚህ ሁሉ ውጤት ግን አንድ የባይት ሰልፍ ነው። በኦፕን ፒጂፒ ሰልፉ በጥቅሎች ይከፈላል። መለያ ቁጥሩ 1 የሆነው ጥቅል የተቆለፈውን ቁልፍ፣ መለያ ቁጥሩ 18 የሆነው የተመሰጠረውን ይዘት ይይዛል። ይህ ሲፈታ ከውስጡ 11 ቁጥር ያለው የጽሑፍ ጥቅል፣ ፊርማ ካለበትም 2 ቁጥር ያለው የፊርማ ጥቅል ይወጣል። እያንዳንዱ ጥቅል የሚጀምረው ዓይነቱንና ርዝመቱን በሚናገር ራስጌ ነው። በሙያው ሲሪያላይዜሽን የሚባለው በማስታወሻ ውስጥ ያለውን መዝገብ ወደዚህ ሰልፍ መጻፍ ሲሆን፣ ፓርሲንግ የሚባለው ደግሞ ሰልፉን መልሶ ወደ መዝገብ ማንበብ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ቀላል መምሰሉም ነው አደጋው።

የፊደሉ ክብደት

የመጀመሪያው ችግር ከግዕዝ ፊደል ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በውጭ አገር የተዘጋጁ የሙከራ ምሳሌዎች አይደርሱበትም። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ዳባት» ሦስት ፊደል ነው፤ ክብደቱ ግን ዘጠኝ ባይት ነው። «ደባርቅ» አራት ፊደል፣ ዐሥራ ሁለት ባይት ነው። በጃቫስክሪፕት የአንድን ቃል ርዝመት የሚጠይቅ ፕሮግራመር ለ«ዳባት» የሚያገኘው መልስ ሦስት ነው። ይህን ቁጥር በጥቅሉ ራስጌ ላይ የርዝመት ቦታ የጻፈ ኮድ፣ ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፍጹም ትክክል ሆኖ ለአማርኛ ጽሑፍ ሁለት ሦስተኛውን ከጥቅሉ ውጭ ይጥለዋል።

ከዚህ የሚከተለው ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። የኦፕን ፒጂፒ ጥቅል የመጀመሪያ ባይት ላይኛው ቢት ምንጊዜም 1 መሆን አለበት። የእንግሊዝኛ ፊደላት ይህ ቢት ምንጊዜም 0 ነው። ስለዚህ ርዝመት ተሳስቶ አንባቢው ኮድ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መካከል ቢያርፍ «ይህ ጥቅል አይደለም» ብሎ ወዲያው ይቆማል። የግዕዝ ፊደል ግን ሦስቱም ባይቶቹ ላይኛው ቢታቸው 1 ነው። የትኛውም ላይ ቢያርፍ አንባቢው አዲስ ጥቅል የጀመረ ሊመስለው ይችላል። ለምሳሌ ከሀ እስከ ፐ ያሉት የአማርኛ ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ዓይነት ሲሆን፣ እንደ ራስጌ ሲነበብ መለያ ቁጥሩ 33 የሆነ ጥቅል ማለት ነው። ይህ ቁጥር እስካሁን ለማንም አልተመደበም። አርኤፍሲ 9580 እንዲህ ያለውን የማይታወቅ ወሳኝ ጥቅል የያዘ መልእክት እንዲጣል ያዛል፤ ቸልተኛ አንባቢ ግን ዘልሎት ያልፍና የቀረውን እንደ ሙሉ መዝገብ ሊያስረክብ ይችላል። ያው አንድ ስሕተት በእንግሊዝኛ ሲጮኽ በአማርኛ ዝም ይላል።

ሌላም አለ። የጥቅል ርዝመት ከ192 ባይት በታች ሲሆን በአንድ ባይት ይጻፋል፤ ከ192 እስከ 8383 ሲሆን በሁለት ባይት፤ ከዚያ በላይ ሲሆን በአምስት ባይት። ያለ ክፍተት የተጻፉ 64 የአማርኛ ፊደላት ብቻቸውን 192 ባይት ይሞላሉ። በአጭር የእንግሊዝኛ ቃላት የተፈተነ ኮድ የሁለት ባይቱን መንገድ አንድ ጊዜም ሳይረግጥ ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። መስክ ላይ ግን አንዲት እናት ስለ ልጇ ሞት የተናገረችው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ያንን ድንበር ይሻገራል። ስሕተቱ ካለ የሚገለጠው እዚያ፣ በጥናቱ ውድ ክፍል ላይ ነው።

የታወጀ ርዝመትን ሳይመረምሩ ማመን ምን እንደሚያስከትል ዓለም እ.ኤ.አ. በ2014 ሃርትብሊድ በተባለው ክስተት አይቷል። በኦፕን ኤስኤስኤል ላይብረሪ ውስጥ የነበረ ኮድ፣ ላኪው «መልእክቴ ይህን ያህል ነው» ያለውን ቁጥር በእርግጥ ከደረሰው ባይት ጋር ሳያስተያይ ይመልስ ነበር። በዚህም በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎ ባይት የሚደርስ የአገልጋይ ኮምፒውተር ማስታወሻ ለጠያቂው ይፈስ ነበር። የምስጠራው ስሌት አልተሰበረም፤ የተጓደለው አንድ የማስተያያ መስመር ነበር።

ማረጋገጥና ማመን

ሁለተኛው ጉዳይ ቅደም ተከተል ነው። አንባቢ ኮድ የይዘቱን ሙሉነት ሳያረጋግጥ ይዘቱን ማስረከብ የለበትም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ኢፌይል በሚል ስም ይፋ የሆነው ጥቃት የተሳካው ይህ ቅደም ተከተል በመጣሱ ነው። ኦፕን ፒጂፒ የተመሰጠረ ይዘት መነካቱን የሚያሳውቅ ማረጋገጫ ነበረው፤ አንዳንድ የኢሜይል ፕሮግራሞች ግን ማረጋገጫው ባይሳካም ወይም ጭራሹን ባይኖርም የተፈታውን ጽሑፍ ያሳዩ ነበር።

ከዚህ የቀረበው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የታወቀው የኦፕን ፒጂፒ ጄኤስ ጉድለት ነው። ይህ ላይብረሪ በብራውዘር ውስጥ ለሚሠሩ ፕሮግራሞች በስፋት የሚያገለግል ነው። በተለየ ሁኔታ የተቀነባበረ መልእክት ሲቀርብለት «ፊርማው ትክክል ነው» የሚል መልስ ይሰጥ ነበር፤ አብሮ የሚያስረክበው ጽሑፍ ግን በእርግጥ የተፈረመበት ጽሑፍ አልነበረም። ጉድለቱ በ5.11.3 እና በ6.1.1 ሥሪቶች ተስተካክሏል። የፊርማው ስሌት ፍጹም ነበር፤ የተሳሳተው «የትኛው ጥቅል ነው የተፈረመበት?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው። ይህ ደግሞ የጥቅል አነባበብ ጥያቄ ነው።

ለመስክ ጥናት ከዚህ የሚቀሰም አንድ ተጨባጭ ትምህርት አለ። በኦፕን ፒጂፒ የጽሑፍ ጥቅል ውስጥ የፋይል ስምና ቀን የሚጻፍባቸው ቦታዎች አሉ። ነገር ግን ፊርማው የሚያርፈው በይዘቱ ላይ ብቻ ነው፤ የፋይል ስሙንና ቀኑን አይሸፍንም። የቤተሰብ መለያ ቁጥርን በፋይል ስም፣ የቃለ መጠይቁን ቀን በጥቅሉ የቀን ቦታ የሚያስቀምጥ ንድፍ፣ ሁለቱን ዋና መለያዎች ከፊርማው ጥበቃ ውጭ አድርጓቸዋል። ቀኑ ከ1970 ጀምሮ በሰከንድ የሚቆጠር በመሆኑ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርም ሆነ ከንጋት የሚጀምረውን ሰዓት አያውቅም፤ የታብሌቱ ሰዓት በእጅ በአገር ቤት አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ የስድስት ሰዓት ልዩነት ሳይታወቅ ይገባል። ስለዚህ መለያ ቁጥሩም ቀኑም በይዘቱ ውስጥ፣ አቆጣጠሩ ተገልጾ፣ መጻፍ አለባቸው።

የተቆረጠ መልእክትና የተዛባ ውጤት

ሦስተኛው ጉዳይ በቀጥታ የጥናት ውጤትን ይነካል። ከዳባት ወደ ደባርቅ የሚወስደውን ዋና መንገድ ይዞ የሚኖር ቤተሰብና ከሊማሊሞ ገደል በታች ወይም በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚኖር ቤተሰብ እኩል የመገናኛ አገልግሎት የላቸውም። መልእክት በመላክ ላይ ሳለ መስመር ይቋረጣል፤ ፋይል ከግማሹ ይቀራል። ኦፕን ፒጂፒ ርዝመታቸው አስቀድሞ ያልታወቀ ይዘቶችን በክፍልፋይ ርዝመት ለመጻፍ ይፈቅዳል፤ አንባቢው የመጨረሻውን ክፍል ሳያይ መልእክቱ አልቋል ማለት የለበትም። በአርኤፍሲ 9580 የተጨመረው አዲሱ የይዘት ጥቅል ደግሞ ይዘቱን በየክፍሉ ከማረጋገጡም በላይ በመጨረሻ ጠቅላላ ርዝመቱን የሚያጸና ማኅተም ስላለው መቆረጡ ይታወቃል።

አንባቢው ኮድ «ያልተሟላ»፣ «የተበላሸ» እና «ያልመጣ» የሚሉትን ሦስት ሁኔታዎች ለይቶ ካልመዘገበ ሦስቱም በስታቲስቲክስ ሰንጠረዡ ላይ ባዶ ቦታ ሆነው ይታያሉ። ያ ባዶ ቦታ ደግሞ በዕጣ የተበተነ አይደለም። መስመር በሚቋረጥበት ቀበሌ ይበዛል፤ ረጅም ታሪክ በተነገረበት ቅጽ ላይ ይበዛል። መስመር የሚቋረጥበት ቀበሌ ብዙውን ጊዜ ከጤና ጣቢያም የራቀው ነው። ረጅም ታሪክ የሚነገረውም ሞት በገባበት ቤት ነው። እንግዲህ የአንድ ኮድ ጉድለት የሩቆቹን ሞት ከመዝገብ አጉድሎ ወረዳው ከእውነታው ይልቅ የተሻለ ጤና ያለው እንዲመስል ሊያደርግ ይችላል። የሥነ ሕዝብ ተመራማሪ የናሙና አመራረጥን በጥንቃቄ ገልጾ ጥቅሉ እንዴት እንደተነበበ ሳይጠይቅ ቢያልፍ፣ ያዛባውን ነገር ከበሩ ውጭ ሲፈልግ ቤት ውስጥ ትቶታል ማለት ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

በዚህ አቋም ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው መረጃው በኢንተርኔት ሲጓዝ አስቀድሞ ስለሚመሰጠር ሌላ ምስጠራ አያስፈልግም የሚለው ነው። የጉዞ ምስጠራ ግን መነሻና መድረሻ አለው። ታብሌቱ ላይ ለቀናት የሚያድረውን ቅጽ አይጠብቅም፤ አገልጋዩ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠውንም አይጠብቅም። መስመር በማይገኝበት አካባቢ መረጃው አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በጉዞ ሳይሆን በመቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ለአንድ ጥናት በራስ የተዘጋጀ ቀላል አደራደር ይበቃል፣ ዓለም አቀፍ ደረጃ መከተል ከአቅም በላይ ነው ይላል። በእርግጥ የኦፕን ፒጂፒ ደረጃ ረጅምና የዘመናት ዝቃጭ የተጠራቀመበት ነው፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ሆኖም በራስ የተዘጋጀው አደራደር የሚኖረው በአንድ ተማሪ ላፕቶፕ ውስጥ ሲሆን፣ ተማሪው ሲመረቅ ትርጉሙ አብሮት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጻፈ የፒጂፒ መልእክት፣ በወቅቱ የነበሩት የምስጠራ ስልቶች ዛሬ ደካማ ቢባሉም፣ የጥቅሎቹ አደራደር ምን ማለት እንደሆነ ከታተመ ሰነድ ዛሬም ይታወቃል። ለአሥርት ዓመታት የሚቀጥል መዝገብ የሚፈልገው ይህን ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ጥብቅ አንባቢ መረጃ ያስጠፋል የሚል ነው። አንዲት ቢት ተበላሽታ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ተሂዶ የተሞላ ቅጽ ሙሉ በሙሉ ውድቅ መሆኑ ያሳዝናል። መልሱ ግን አንባቢውን ማላላት አይደለም። ውድቅ የሆነው ጥቅል እንደመጣ፣ አንድ ባይት ሳይለወጥ፣ ከምክንያቱ ጋር ይቀመጥ፤ ታብሌቱም ማዕከሉ «ተነቧል» የሚል ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስ የራሱን ቅጂ አያጥፋ። የጠፋ መዝገብ መጥፋቱ ከታወቀ ተመልሶ ይጠየቃል፤ በከፊል ተነብቦ እንደ ሙሉ የተቆጠረ መዝገብ ግን ማንም አይፈልገውም። የግል ቁልፍ መጥፋትም እንዲሁ እውነተኛ ስጋት በመሆኑ ቁልፉ በሁለት ኃላፊዎች እጅ፣ በሁለት ቦታ ሊጠበቅ ይገባል።

ምን ይደረግ

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል መድቦታል። አዋጁ የጣለው ኃላፊነት «ተመስጥሯል» በሚል ቃል ብቻ አይወጣም። ለዚህ አራት ነገሮች ሊደረጉ ይገባል፤ አንዳቸውም ከፍተኛ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ በተመሰጠረ መረጃ ላይ የሚሠራ የመመረቂያ ጥናት የተጠቀመበትን የጥቅል አደራደር፣ የላይብረሪውን ስምና ሥሪት በዘዴ ምዕራፉ ውስጥ ይግለጽ። ሥሪቱን መግለጽ ለወጉ አይደለም፤ ከ6.1.1 በፊትና በኋላ ያለው ኦፕን ፒጂፒ ጄኤስ በፊርማ ጉዳይ አንድ ዓይነት መሣሪያ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የአማርኛ የሙከራ ጥቅሎች ስብስብ ይዘጋጅ። የሰው ስም ሳይሆን ለሙከራ የተፈጠረ ጽሑፍ የያዙ፣ 63 እና 64 ፊደል ላይ የሚያርፉ፣ ሆን ተብሎ የተቆረጡ፣ ርዝመታቸው የተሳሳተ፣ 33 ቁጥር ያለው ጥቅል የተሰነቀረባቸው ይሁኑ። ትክክለኛዎቹ ሊነበቡ፣ የተሳሳቱት ሊጣሉ ይገባል። በደባርቅና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ይህን በአንድ ሴሚስተር ሊሠሩት ይችላሉ፤ የጤና ተመራማሪዎችም ከመስክ የሚመጣውን ችግር ያቀርቡላቸዋል። ለሁለቱም ወገን ከአቅም በላይ ያልሆነ የጋራ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ የመጣው ጥቅል ዋናው ባይት ይጠበቅ። አንድ ርዝመት በኦፕን ፒጂፒ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል፣ የተነበበ ጥቅል እንደገና ሲጻፍ ትርጉሙ ሳይለወጥ ባይቱ ሊለወጥ ይችላል። ፊደልን «ለማስተካከል» ሲባል ዓይኑን ዐ በአልፋው አ የሚተካ ኮድም ከማረጋገጡ በፊት ከገባ ትክክለኛውን ፊርማ ሐሰት ያደርገዋል። ማረም የሚፈልግ ካረጋገጠ በኋላ፣ በቅጂው ላይ ያርም።

አራተኛ፣ መዝገቡ በሚቀመጥበት ቤት የአነባበቡ ሕግም አብሮ ይቀመጥ። የደረጃው ሰነድ፣ አንባቢው ኮድና የሙከራ ጥቅሎቹ ከመረጃው ጋር በአንድ ማኅደር ውስጥ ይግቡ፤ በየጥቂት ዓመቱም አንድ ሰው አሮጌ ጥቅል አውጥቶ በአዲስ ላይብረሪ ያንብብ። ያልተነበበበት ዓመት ችግሩ ገና ሊፈታ የሚችልበት ዓመት ነው።

የዳባት ቤተሰቦች በራቸውን ለጠያቂ የከፈቱት የተናገሩት ነገር በሁለት መንገድ እንደሚከበር አምነው ነው፤ ለማይገባው ሰው እንዳይገለጥ፣ ለሚገባው ሥራ ደግሞ እንዳይጠፋ። ምስጠራው የመጀመሪያውን ይጠብቃል። ሁለተኛውን የሚጠብቀው ባይቱን በትክክል የጻፈና በትክክል የሚያነብ ኮድ ነው፤ ለዚያ ኮድ ተጠያቂው ደግሞ ላይብረሪውን የጻፈው የሩቅ አገር ፕሮግራመር ብቻ ሳይሆን መርጦ የተጠቀመበት ተመራማሪ ጭምር ነው።